የኒሺዛዋ ሜዳሊያ የሚሸልመው እንከን ያጠፉትን ነው

አይትሪፕልኢ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በ2002 አንድ ሜዳሊያ አቋቋመ፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ሜዳሊያው ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው መሐንዲስ ከጁን-ኢቺ ኒሺዛዋ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2004 ሲሆን፣ ተሸላሚው አንድ ሰው ወይም ከሦስት ያልበለጡ ሰዎች ያሉበት ቡድን ሊሆን ይችላል። መስፈርቱ ባጭሩ፦ በማቴሪያልና በዲቫይስ (እንደ ትራንዚስተር ባለ የኤሌክትሮኒክስ አካል) ሳይንስና ቴክኖሎጂ የላቀ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ሥራ ላይ ማዋልንም ጨምሮ።

ማቴሪያልና ዲቫይስ አብረው መጠራታቸው በአጋጣሚ አይደለም። ወረቀት ላይ ትራንዚስተር፣ ማለትም ከረንትን የሚከፍትና የሚዘጋ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ፣ የሥዕል ጉዳይ ይመስላል፤ ኤሌክትሮኖች የሚገቡበት ሶርስ ከዚህ፣ የሚቆጣጠራቸው ጌት ከመሃል፣ የሚወጡበት ድሬን ከወዲያ። ፋብሪካ ሲገባ ግን ሥዕሉ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ሆኖ ይገኛል። ዲቫይሱ ሠርቶ መኖሩን ወይም በወራት ውስጥ መክሸፉን የሚወስነው፣ ከሥሩ ባለው ክሪስታል ውስጥ ስንት አቶም ከቦታው እንደጎደለና በሁለት ንብርብሮች መጋጠሚያ ላይ ስንት ቦንድ (አቶምን ከአቶም የሚያያይዝ ማሰሪያ) ተንጠልጥሎ እንደቀረ ነው። ከዚህ በታች የምናያቸው ሦስት ተሸላሚዎች፣ ጄሪ ዉዳል፣ ቼንሚንግ ሁ እና ኡሜሽ ሚሽራ፣ በመስክም በዘመንም ይራራቃሉ። የሚያመሳስላቸው ነገሩ ለምን እንደሚበላሽ ደርሰውበት ብልሽቱን ማስቆማቸው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚነሣበት ምክንያትም አለ። ከተለመደው ሲሊከን ይልቅ ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚሸከሙት የጋሊየም ናይትራይድና የሲሊከን ካርባይድ ትራንዚስተሮች ከስልክ ቻርጀር አልፈው ወደ ኤሌክትሪክ መኪናና ወደ ዳታ ሴንተር እየገቡ ነው። በዜና የሚቀርበው ክርክር ግን በአብዛኛው ስለ ዋጋና ስለ መንግሥታት ፉክክር ነው። የሚያስቸግረው ቋጠሮ ያለው ከዚያ በታች፣ ክሪስታሉ ውስጥ ነው።

ኒሺዛዋ ራሱ

ኒሺዛዋ በ1926 ሴንዳይ ከተማ ተወለደ፤ የሥራ ዘመኑን በአብዛኛው ያሳለፈው እዚያው በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። በ2018 አረፈ። ከስሙ ጋር አብረው የሚነሡት ፒን ዳዮድ (ዳዮድ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አካል ነው) እና ስታቲክ ኢንዳክሽን ትራንዚስተር ናቸው፤ ሁለቱም መነሻቸው 1950 ነው። ሁለተኛው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ገበያ የደረሰው፤ በ1974 የወጣው የያማሃ ቢ-1 የድምፅ ማጉያ የተሠራው በዚህ ዓይነት ትራንዚስተር ነበር። አይትሪፕልኢ ኒሺዛዋን በ2000 በኤዲሰን ሜዳሊያ አክብሮታል።

ክሪስታል የሚያሳድጉ ሰዎች ግን ይበልጥ የሚያስታውሱት በሌላ ሥራው ነው፤ በትነት ግፊት ቁጥጥር።

ከጋሊየምና ከአርሰኒክ የተሠራው ሴሚኮንዳክተር፣ ጋሊየም አርሰናይድ፣ የሚቀልጠው በ1,238 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚህ ሙቀት አርሰኒኩ ከቅልጡ እየተነነ ያመልጣል፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ ከሆነ ቀስ በቀስ ጋሊየም ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው የሚካሄደው በታሸገ የኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ነው። ምድጃው ሁለት የሙቀት ቀጠና አለው፦ በአንዱ ጫፍ ቅልጡ ከመቅለጫው ነጥብ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በሌላው ጫፍ ጠጣር አርሰኒክ ከ610 እስከ 620 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይጠበቃል። በቱቦው ውስጥ ያለውን የአርሰኒክ ግፊት የሚወስነው ይህ ቀዝቃዛው ጫፍ ነው፤ በተጠቀሰው ሙቀት ግፊቱ 1 አትሞስፌር ገደማ ይሆናል። ግፊቱ ሲያንስ ከክሪስታሉ አርሰኒክ ይጎድላል። ሲበዛ ትርፉ አርሰኒክ በጋሊየም ቦታ ይተካል ወይም በአቶሞች መሃል ይሸጎጣል። ሁለቱም ኤሌክትሮን የሚይዙ ወጥመዶችን ይፈጥራሉ፤ ኤልኢዲ ላይ ሲሆን ወጥመዱ ብርሃን መሆን የነበረበትን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የኒሺዛዋ ቡድን ያሳየው፣ ለእያንዳንዱ የማሳደጊያ ሙቀት እንከኑ በጣም የሚያንስበት አንድ የግፊት ነጥብ መኖሩን ነው።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጠር ስህተት አለ። ግፊቱን የሚወስነው ቴርሞሜትሩ ያለበት ቦታ ሳይሆን የቱቦው ቀዝቃዛ ነጥብ፣ የትም ይሁን የት፣ ነው። በምድጃው መጋጠሚያ ላይ ሳይታሰብ የቀዘቀዘ ጥግ ካለ አርሰኒኩ ሄዶ እዚያ ይጤዛል፤ መቆጣጠሪያው 617 እያለ ግፊቱ ሌላ ነው። በተቃራኒው የአርሰኒኩ ጫፍ ከልክ በላይ ከሞቀ ግፊቱ በፍጥነት ይንርና ኳርትዙ ይፈነዳል። ያኔ ክፍሉ ውስጥ የሚሰራጨው መርዝ ነው።

ዉዳል፦ ከቅልጥ የሚያድግ ንብርብር

ዉዳል በ2005 ለተሸለመበት ዝናው መነሻው የ1960ዎቹ ሥራው ነው። በአይቢኤም ቤተ ሙከራ ከሃንስ ሩፕሬክት ጋር ሆኖ የጋሊየም አሉሚኒየም አርሰናይድን ንብርብር በጋሊየም አርሰናይድ ላይ ከፈሳሽ ቅልጥ ማሳደግ ቻለ። ያዋጣው የተፈጥሮ ገጠመኝ ነው፦ የጋሊየም አርሰናይድ የክሪስታል ክፍተት (የአቶሞቹ አደራደር የሚደጋገምበት ርቀት) 5.653 አንግስትሮም (የናኖሜትር አንድ አሥረኛ)፣ የአሉሚኒየም አርሰናይድ 5.661 ነው። ልዩነቱ ከ0.15 በመቶ ያንሳል። ጋሊየሙን በአሉሚኒየም እየተኩ የባንድ ክፍተቱን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ተላቆ ከረንት ለመሸከም የሚያስፈልገውን ኃይል፣ ማስፋት ይቻላል፤ ክሪስታሉ ግን ሳይወጠርና ሳይሰነጠቅ ይቀጥላል። ዛሬ የምናውቃቸው ድርብርብ መዋቅሮች፣ ሌዘሩም ኤልኢዲውም፣ መነሻቸው እንዲህ ያለ መገጣጠም ነው።

አሠራሩ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው። ከግራፋይት በተፈለፈለ ተንሸራታች መያዣ ውስጥ ጥቂት ግራም ንጹሕ ጋሊየም ይደረጋል፤ በላዩ የጋሊየም አርሰናይድ ቁራጭና በሚሊግራም የሚለካ አሉሚኒየም ይጨመራል። መያዣው በፓላዲየም ተጣርቶ በሚመጣ ሃይድሮጅን ውስጥ ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ይሞቃል፤ ጋሊየሙ አርሰኒክ እስኪጠግብ እዚያው ይቆያል። ከዚያ ሙቀቱ በደቂቃ ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት ይወርዳል፤ መሠረት ዌፈሩ (ንብርብሩ የሚያድግበት ስስ የክሪስታል ሰሌዳ) ከቅልጡ ሥር ይንሸራተታል፤ ቅልጡ ሲቀዘቅዝ መያዝ ያልቻለውን አርሰናይድ ዌፈሩ ላይ ያሳርፋል። የሚፈለገው ውፍረት ሲደርስ ዌፈሩ ተንሸራቶ ይወጣል።

የሚበላሸውም በየደረጃው ነው። ሃይድሮጅኑ ውስጥ ጥቂት ኦክስጅን ወይም የውኃ እንፋሎት ከቀረ አሉሚኒየሙ ቅልጡ ላይ የኦክሳይድ ቆዳ ያበጃል፤ ቅልጡ ዌፈሩን አያረጥበውም፣ ንብርብሩም በየቦታው ባዶ ደሴት እየተወ ያድጋል። ቅልጡ ሳይጠግብ ዌፈሩ ከገባ ጋሊየሙ ጉድለቱን የሚሞላው ዌፈሩን በልቶ ነው። ከመጠን በላይ ጠግቦ ከቀዘቀዘ ደግሞ ክሪስታሉ በቅልጡ መሃል ይፈጠርና እንደ ጠጠር ይወርዳል። በተንሸራታቹና በዌፈሩ መካከል ያለው ክፍተት በጥቂት አሥር ማይክሮሜትር ከሰፋ የጋሊየም ጠብታ ተጎትቶ ይቀራል፤ ከጠበበ ዌፈሩ ይቧጨራል።

ከዚሁ ዘዴ የወጣ ሌላ ግኝት አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ሲሊከን በጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ሁለት ጠባይ አለው፤ በጋሊየም ቦታ ከተቀመጠ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ በአርሰኒክ ቦታ ከተቀመጠ ኤሌክትሮን ይቀበላል። በከፍተኛ ሙቀት የመጀመሪያውን፣ ሙቀቱ ሲወርድ ሁለተኛውን ይመርጣል። ስለዚህ ሲሊከን የተጨመረበት አንድ ቅልጥ በዝግታ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ኤን (ኤሌክትሮን የተረፈበት)፣ ቀጥሎ ፒ (ኤሌክትሮን የጎደለበት) ንብርብር ያበቅላል። መጋጠሚያው በራሱ ጊዜ ይፈጠራል፤ ቅልጥ መቀየር የለም፣ መጋጠሚያው አየር አይነካውም፣ ቆሻሻ የሚገባበት ጊዜም የለም። ከዚህ የተገኙት በ940 ናኖሜትር አካባቢ የሚያበሩ የኢንፍራሬድ ኤልኢዲዎች በርቀት መቆጣጠሪያዎች ውስጥ የምናውቃቸው ናቸው።

ዘዴው በኋላ ቦታውን ለጋዝና ለሞለኪውል ጨረር ማሳደጊያዎች ለቀቀ። ከ100 ናኖሜትር በታች የሆነ ውፍረትን በትልቅ ዌፈር ላይ እኩል ማድረግ አይችልም ነበርና።

ሁ፦ የትራንዚስተርን ዕድሜ ማስላት

ቼንሚንግ ሁ በ2009 የተሸለመበት ሥራ ስለ ሲሊከን ነው። ሲሊከን የነገሠው ከሁሉ የተሻለ ሴሚኮንዳክተር ስለሆነ አይደለም፤ ጥሩ ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ከረንት የማያሳልፍ ንብርብር) ስላለው ነው። በሲሊከንና በኦክሳይዱ መጋጠሚያ ላይ ግን ጥቂት የሲሊከን አቶሞች ጥንድ ሳያገኙ ይቀራሉ። ኦክሳይዱ እንዳደገ በካሬ ሴንቲሜትር 1 ትሪሊዮን ገደማ ወጥመድ ይኖራል። ዌፈሩ ጥቂት ሃይድሮጅን የተቀላቀለበት ናይትሮጅን ባለበት ምድጃ ውስጥ ከ400 እስከ 450 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ሃይድሮጅኑ የተንጠለጠሉትን ቦንዶች ይዘጋል፤ ወጥመዱ ወደ 10 ቢሊዮን ይወርዳል። አንድ መቶኛ መሆኑ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ትራንዚስተሩ ሲያንስ ነው። በአጭር ቻናል (ከሶርስ ወደ ድሬን በሚወስደው የኤሌክትሮኖች መንገድ) ውስጥ ድሬኑ አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ይበረታል፤ የተፋጠኑት ኤሌክትሮኖች ሃይድሮጅኑን ከሲሊከኑ ይነጥሉታል፤ ምድጃው የዘጋው ወጥመድ እንደገና ይከፈታል። ቺፑ በወጣበት ቀን ፈጣን ነው፤ ከዓመታት በኋላ ይዘገያል፣ አንድ ቀንም ስሌት ይስታል።

ሁና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ይህን ወደ ሚለካ ነገር ለወጡት። ኤሌክትሮን ከሲሊከን አቶም ጋር ተጋጭቶ ተጨማሪ ኤሌክትሮንና ሆል (ኤሌክትሮን የለቀቀው ባዶ ቦታ) ለመፍጠር 1.3 ኤሌክትሮንቮልት (በአቶም ደረጃ ኃይል የሚለካበት መለኪያ) ገደማ ያስፈልገዋል፤ መጋጠሚያውን ለመጉዳት ደግሞ 3.7። ሆሎቹ በመሠረቱ በኩል ስለሚወጡ የመሠረቱ ከረንት በቀላሉ ይለካል። ስለዚህ በዓይን የማይታየውን ጉዳት በሚታየው ከረንት መተንበይ ይቻላል፤ የሁለቱ ኃይሎች ጥምርታ 2.9 ገደማ ነውና፣ የድሬን ከረንቱ እንዳለ ሆኖ የመሠረቱ ከረንት እጥፍ ቢሆን የትራንዚስተሩ ዕድሜ ከሰባት እጥፍ በላይ ያጥራል።

ሙከራው እንዲህ ይካሄዳል። የድሬኑ ቮልቴጅ ከመደበኛው ከፍ ይደረጋል፤ ጌቱ የመሠረቱ ከረንት ጣሪያ በሚነካበት፣ ማለትም በድሬኑ ቮልቴጅ ግማሽ አካባቢ ይቀመጣል። በ10፣ በ100፣ በ1,000 እና በ10,000 ሰከንድ ላይ ጫናው እየቆመ የድሬን ከረንቱ ይለካል። ከረንቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ትራንዚስተሩ እንደሞተ ይቆጠራል። ይህ በተለያየ ቮልቴጅ ተደጋግሞ ነጥቦቹ በሎጋሪዝም ገበታ ላይ ይሰፍራሉ፤ መስመሩ እስከ መደበኛው ቮልቴጅ ይዘረጋና 10 ዓመት ይሞላ እንደሆነ ይታያል። የሚያሳስተው ችኮላ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ጫናው ከልክ ሲያልፍ ሌላ ዓይነት ጉዳት፣ ለምሳሌ የኦክሳይዱ መበሳት፣ ይቀላቀልና የተዘረጋው መስመር ትርጉም ያጣል።

በዚሁ ላይ የሚጨመር አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በ1996 ሌሎች ተመራማሪዎች በምድጃው ውስጥ ተራውን ሃይድሮጅን በከባዱ ሃይድሮጅን፣ በዲዩተሪየም፣ ሲተኩት የትራንዚስተሩ ዕድሜ ከ10 እጥፍ በላይ ረዘመ። ኬሚስትሪው ያው ነው፤ ክብደቱ ብቻ ተለወጠ።

ሁ ይበልጥ የሚታወቀው በፊንፌት ነው። የበርክሌይ ቡድን በ1990ዎቹ መጨረሻ ቻናሉን ቀጭን ክንፍ አድርጎ አቁሞ ጌቱን በሦስት ጎን ጠቀለለበት፤ ኢንቴል በ2011 ለ22 ናኖሜትር ቺፖቹ እንደሚጠቀምበት አስታወቀ። አሁን ቦታውን እየያዘ ያለው ጌቱ በአራቱም ጎን የሚከበው መዋቅር ነው፤ ሳምሰንግ በ2022 ማምረት ጀምሯል። በዚህኛው ሲሊከንና ሲሊከን ጀርማኒየም እያፈራረቁ በናኖሜትር ውፍረት ይደረደራሉ፤ በኋላ ሲሊከን ጀርማኒየሙ ብቻ ተመርጦ በኬሚካል ይወጣና የሲሊከኑ ገበታዎች በአየር ላይ ይንጠለጠላሉ። ኬሚካሉ ከልክ ቢያልፍ ሲሊከኑን ያሳሳዋል፤ ቢያጎድል የቀረው ጀርማኒየም ጌቱ የሚገባበትን ቦታ ይዘጋል። ዌፈሩ ሲደርቅም የውኃው መሳሳብ ገበታዎቹን እርስ በርስ ሊያጣብቃቸው ይችላል።

ሚሽራ፦ ጋሊየም ናይትራይድ

ኡሜሽ ሚሽራ በ2022 የተሸለመው ለጋሊየም ናይትራይድ ኤሌክትሮኒክስ ባደረገው አስተዋጽኦ ነው። የዛሬው ክርክር ያለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

የጋሊየም ናይትራይድ የባንድ ክፍተት 3.4 ኤሌክትሮንቮልት ነው፤ የሲሊከን 1.12። መስበሪያ መስኩ ከሲሊከን 10 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ለመሸከም ከአሥር አንድ ርቀት ይበቃዋል፣ በከረንቱ መንገድ ላይ ያለው መቋቋምም በዚያው ልክ ያንሳል። በላዩ ቀጭን የአሉሚኒየም ጋሊየም ናይትራይድ ንብርብር ሲያርፍ፣ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ምንም ባዕድ አቶም ሳይጨመር በክሪስታሎቹ ፖላራይዜሽን (በውስጣቸው ባለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለመመጣጠን) ብቻ በመጋጠሚያው ላይ በካሬ ሴንቲሜትር 10 ትሪሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖች ይሰበሰባሉ። የሚያደናቅፋቸው ባዕድ አቶም ስለሌለ በፍጥነት ይሄዳሉ።

ጣጣው ተመጣጣኝ መሠረት ማጣቱ ነው። በርካሽ የሚገኘው ሲሊከን ነው፤ የሁለቱ ክሪስታል ክፍተት ግን በ17 በመቶ ይለያያል፤ ሲቀዘቅዙም ጋሊየም ናይትራይዱ ከሲሊከኑ እጥፍ ያህል ይኮማተራል። ከ1,000 ዲግሪ በላይ ያደገ ንብርብር ወደ ክፍል ሙቀት ሲወርድ ይወጠራል፤ ያለ ብልሃት ካደገ 1 ማይክሮሜትር አካባቢ ሲደርስ ይሰነጠቃል።

ብልሃቱ በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የሲሊከኑ ኦክሳይድ በሃይድሮጅን ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይጸዳል። ከአሞኒያው በፊት የአሉሚኒየም ጋዝ ለጥቂት ሰከንዶች ይለቀቃል፤ አሞኒያው ከቀደመ ሲሊከኑ ቅርጽ የለሽ ናይትራይድ ያበጃል፣ በዚያ ላይ ደኅና ክሪስታል አይበቅልም። ቀጥሎ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር አሉሚኒየም ናይትራይድ ያርፋል። ይህ ንብርብር ቀዳዳ ካለው ጋሊየሙ ሲሊከኑን ያገኛል፤ ሁለቱ በዚያ ሙቀት አብረው ይቀልጡና ዌፈሩ ላይ በዓይን የሚታይ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ዌፈሩ ይጣላል። ከዚያ አሉሚኒየሙ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ የሚሄድ ድርድር ይመጣል። እያንዳንዱ ደረጃ በሥሩ ካለው ሰፋ ያለ የክሪስታል ክፍተት ስላለው ታምቆ ያድጋል፤ ይህ የተጠራቀመ እመቃ በኋላ ሲቀዘቅዝ የሚመጣውን ውጥረት ያካክሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላም በካሬ ሴንቲሜትር ከ100 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን የክሪስታል እንከን (የአቶሞቹ ረድፍ የተዛነፈበት መስመር) ይቀራል። በሲሊከን ዓለም እንዲህ ያለ ዌፈር ማንም አይነካውም። ጋሊየም ናይትራይድ ይህን ተሸክሞ መሥራቱ የተፈጥሮ ችሮታ ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚሽራ ቡድን ያበረከተው ትልቁ ነገር የላይኛውን ገጽ ምሥጢር መፍታቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ትራንዚስተሮች በዝግታ ሲለኩ ግሩም ነበሩ፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠሩ ግን ከረንታቸው ይወድቅ ነበር። ቡድኑ በመጋጠሚያው ያሉት ኤሌክትሮኖች ከላይኛው ገጽ ወጥመዶች እንደሚመጡ አሳየ፤ ገጹና ቻናሉ የተሳሰሩ ናቸው ማለት ነው። ትራንዚስተሩ ተዘግቶ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሸከም ከጌቱ የሚያፈተልኩ ኤሌክትሮኖች በድሬኑ በኩል ባለው ገጽ ላይ ይያዛሉ፤ ትራንዚስተሩ ሲከፈት እነሱ ቶሎ አይለቁም። ማንም ያልሠራው ሁለተኛ ጌት ሆነው ቻናሉን ያፍናሉ። መድኃኒቱ ገጹን በሲሊከን ናይትራይድ መሸፈንና ከጌቱ ወደ ድሬኑ የሚዘረጋ ብረት ጨምሮ መስኩን ማለዘብ ሆነ።

ይህ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬም ትራንዚስተር የሚመርጥ መሐንዲስ በዝርዝር መግለጫው ላይ ያለውን፣ ትራንዚስተሩ ሲከፈት ለከረንት የሚኖረውን መቋቋም ብቻ አይቶ ከወሰነ ይሳሳታል። ያ ቁጥር የተለካው በዝግታ ነው። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ትራንዚስተሩ 400 ቮልት ተሸክሞ ቆይቶ በተከፈተ በጥቂት ማይክሮሰከንድ ውስጥ ሲለካ ነው። ያን ለመለካትም ኦሲሎስኮፑ (የቮልቴጅን ለውጥ በጊዜ የሚያሳየው መሣሪያ) በቀጥታ አይታሰርም፤ 400 ቮልትን የሚያይ መሣሪያ ሚሊቮልት አይለይም፤ የሚያይ ቢደረግም ከጫናው ለማገገም ጊዜ ይወስድበታል። በመሃል ቮልቴጁን በጥቂት ቮልት የሚገድብ ሰርኪዩት መግባት አለበት።

አጠቃቀሙም የራሱ ወጥመድ አለው። በተፈጥሮው ይህ ትራንዚስተር የጌቱ ቮልቴጅ ዜሮ ሲሆን ክፍት ነው፣ ማለትም ከረንት ያሳልፋል፤ ለኃይል ሥራ ደግሞ ይህ አደገኛ ነው። አንደኛው መፍትሔ በጌቱ ሥር ፒ ዓይነት ጋሊየም ናይትራይድ ማስገባት ነው። ያኔ ትራንዚስተሩ በ1.5 ቮልት ገደማ ይከፈታል፣ በ5 ወይም በ6 ቮልት ይነዳል፣ 7 ቮልትን ያለፈ ግን ይጎዳዋል። ለሲሊከን የተሠራ፣ ለጌቱ 12 ቮልት የሚሰጥ ነጂ ሰርኪዩት በቀጥታ ከተገጠመበት ወዲያው ይሞታል። ሁለተኛው መፍትሔ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለው የሲሊከን ትራንዚስተር በተርታ ማሰር ነው፤ ሚሽራ በ2007 በጋራ የመሠረተው፣ በ2024 የጃፓኑ ቺፕ አምራች ሬኔሳስ የገዛው ትራንስፎርም የተባለ ኩባንያ የሄደበት መንገድ ይህ ነው። ነጂው የሚያየው የሲሊከኑን ጌት ስለሆነ አይጨናነቅም፤ በምትኩ ሁለት ቺፕ ማሸግ ግድ ይላል።

በቦርዱ ላይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከሽቦው ርዝመት የተነሣ ነው። በ1 ናኖሰከንድ 5 አምፔር የሚቀየር ከረንት በ1 ናኖሄንሪ (ሄንሪ መስመሩ የከረንት ለውጥን የሚቃወምበት መለኪያ ነው) ላይ 5 ቮልት ይፈጥራል፤ 1 ናኖሄንሪ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ነው። ይህ 5 ቮልት በሶርሱ መስመር ላይ ከተፈጠረ ጌቱን ሳይጠሩት ይከፍተዋል ወይም ይዘጋዋል። ስለዚህ የነጂው መመለሻ ከዋናው ከረንት መንገድ ተለይቶ በቀጥታ ከሶርሱ ይነሣል፤ ነጂውም ከጌቱ አጠገብ ይቀመጣል። ሌላም አለ፦ የሲሊከን ትራንዚስተር ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍበት ለአፍታ ከረንት አሳልፎ ራሱን ያድናል፤ ጋሊየም ናይትራይዱ ይህ የለውም፤ ከተሰበረ ተሰበረ። አምራቾች 650 ቮልት ብለው የሚሸጡት ከዚያ በላይ እንዲሸከም አድርገው የሠሩት ለዚህ ነው።

ገበያው አሁን የት ነው?

ዳታ ሴንተሮች ወደ ጋሊየም ናይትራይድና ሲሊከን ካርባይድ የሚሄዱት ሒሳቡ ስላስገደዳቸው ነው። 1 ሜጋዋት የሚበላ የሰርቨር መደርደሪያ በ54 ቮልት ቢመገብ 18,500 አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ መዳብ መሸከሚያው ብቻ መደርደሪያውን ይሞላዋል። በ800 ቮልት ሲሆን 1,250 አምፔር ይበቃል። የዳታ ሴንተር ቺፖችን የሚሠራው ኤንቪዲያ በግንቦት 2025 ወደ 800 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት እንደሚሄድ ያስታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከ800 ቮልት ወደ ቺፑ ዝቅተኛ ቮልቴጅ በትንሽ ቦታ ለመውረድ ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልጋል።

ፍላጎቱ ይህን ያህል እያለ አምራቾቹ ግን በእኩል አልተራመዱም። የጀርመኑ ቺፕ አምራች ኢንፊኒየን በመስከረም 2024 በ300 ሚሊሜትር ዌፈር ላይ ጋሊየም ናይትራይድ መሥራቱን አስታወቀ። የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ በሐምሌ 2025 ከጋሊየም ናይትራይድ ሥራ ቀስ በቀስ እንደሚወጣ ተሰማ። በሲሊከን ካርባይድ ስመ ጥር የሆነው ዎልፍስፒድ ደግሞ በሰኔ 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የሲሊከን ካርባይድ ክሪስታል ከቅልጥ አይጎተትም፤ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ከዱቄት ተንኖ በሰዓት ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ፍጥነት ያድጋል። ሲሊከን በሰዓት በአሥር ሚሊሜትሮች ይጎተታል። ለአዲስ ፋብሪካ የወጣ ዕዳ በዚህ ፍጥነት እስኪመለስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ቻይናውያን አምራቾች የዌፈሩን ዋጋ ሲያወርዱት ደግሞ ጊዜው ጨርሶ አልበቃም።

ስለ ጋሊየም እጥረት የሚነገረውም መለየት ያለበት ነገር አለው። ቻይና ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ጋሊየም በፈቃድ ብቻ እንዲወጣ አድርጋለች፤ የዓለምን ጋሊየም ከሞላ ጎደል የምታመርተው እሷ ናት። ነገር ግን 200 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ዌፈር ላይ ያረፈ 3 ማይክሮሜትር ጋሊየም ናይትራይድ የያዘው ጋሊየም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ማሳደጊያው ውስጥ የሚባክነው ቢጨመርም እንኳ ጥቂት ግራም ነው። ከዳር እስከ ዳር ጋሊየም አርሰናይድ የሆነ ባለ 150 ሚሊሜትር ዌፈር ግን 30 ግራም ያህል ይይዛል። እጥረቱ በመጀመሪያ የሚነካው የስልክ ሬዲዮ ቺፕና ሌዘር የሚሠሩትን ነው፤ ቻርጀር ሠሪዎቹን አይደለም።

ሜዳሊያው የማያየው

የዉዳል ሥራ ከታወቀበት እስከ ተሸለመበት 38 ዓመት ሄዷል። የመጀመሪያው የጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተር ከታየበት ከ1993 እስከ ሚሽራ ሽልማት ደግሞ 29። መዘግየቱ በራሱ ክፋት የለውም፤ መስፈርቱ ሥራ ላይ መዋልን ስለሚጠይቅ ገበያው እስኪፈርድ መጠበቅ ግድ ነው። የሚያስተዛዝበው የሦስት ሰው ገደቡ ነው። በሲሊከን ላይ ጋሊየም ናይትራይድ የሚያሳድገውን የጋዝ ቅደም ተከተል ያገኘው አንድ ሰው አይደለም፤ በየፋብሪካው ማሳደጊያውን የሚያስኬዱ፣ ስማቸው በጥናት ላይ የማይወጣ ባለሙያዎች በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ያሻሻሉት ነው። ብዙውም የምግብ አዘገጃጀት ያህል ተደብቆ የሚያዝ የድርጅት ምሥጢር ስለሆነ ዳኞች ፊት አይቀርብም።

በተራው ወረፋ የያዘው ማቴሪያል ጋሊየም ኦክሳይድ ነው። የባንድ ክፍተቱ 4.8 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ነው፤ ከሲሊከን ካርባይድ የሚለየው ከቅልጥ መጎተት መቻሉ ነው፤ በዋጋ በኩል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ችግሮች ግን አሉበት። ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙ ከሲሊከን ካርባይድ ከአሥር አንድ እንኳ ስለማይሞላ፣ ቺፑ ተቀጥኖ በሌላ ሙቀት አስተላላፊ መሠረት ላይ ካልተለጠፈ በራሱ ሙቀት ይበላሻል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሥራ የሚሠራ ፒ ዓይነት እስካሁን አልተገኘለትም፤ በክሪስታሉ ውስጥ የሚፈጠረው ሆል ወዲያው አንድ ኦክስጅን አጠገብ ይታሰርና አይንቀሳቀስም። ተመራማሪዎች አሁን የሚሞክሩት በተፈጥሮው ፒ የሆነውን ኒኬል ኦክሳይድ በላዩ ማሳረፍ ነው። ዳዮዶቹ ብዙ ሺህ ቮልት ይሸከማሉ፤ መጋጠሚያው ግን ሁለት የተለያዩ ክሪስታሎች የሚገናኙበት ነው፣ ሙቀትና ከረንት ሲበዛበት ጠባዩ ይለዋወጣል፤ ይህን መጋጠሚያ ለ10 ዓመት ጸንቶ እንዲቆይ ያደረገ ገና የለም።